ወገዳ የሚል ሁሉ

ባለፈው ሳምንት የባለቤቴ የዓይን ቀጠሮ ጠፋብኝ። ወረቀት ቢሆን ኖሮ ከቁም ሣጥኑ መሳቢያ አይወጣም ነበር፤ ሐኪም ቤቱ ግን በኢሜይል ላከው። ኢሜይል አለኝ። ልጄ ሰብለ ጡረታ የወጣሁ ሰሞን ከፍታልኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የዓለም ነጋዴ ሁሉ ተጠራርቶ ጫማ ግዢ፣ ሽቶ ግዢ፣ ዕጣ ደርሶሻል እያለ ሲጽፍልኝ ይኖራል። አንዱንም አልከፍትም፣ አንዱንም አልጥልም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያሳደገው ሰው የተጻፈ ነገር መጣል አይሆንለትም። ቀጠሮው ከዚያ ሁሉ ክምር ሥር ገባና እኔም ጣቴ እስኪደክም ወደ ታች ስገፋ ዋልኩ።

ማታ ሰብለ ከሥራ ስትመለስ ነገርኳት። የኮምፒውተር ባለሙያ ናት፤ ባህር ዳር ያለነውም እሷ ቤት ነው። አጠገቤ ተቀምጣ ያን በቀለም ያበደ ገጽ ዘጋችውና አንድ ጥቁር ገጽ ከፈተች። ሥዕል የለው፣ የሚጫኑት ነገር የለው፤ ጥግ ላይ አንዲት ትንሽ መስመር ብልጭ ድርግም ትላለች።

«ይኼ ደግሞ ተበላሸ እንዴ?» አልኳት።

«አልተበላሸም እማዬ። ደብዳቤ መፈለጊያ ነው። እዚህ ላይ በቃል ትጽፊለታለሽ። ከማን እንደመጣ፣ ስለ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ። እሱ ያወጣልሻል።»

«ሰላም ሳልለው?»

«ሰላምታ አይገባውም። የምትፈልጊውን ብቻ።»

ሁለት ቃል ጻፈችለት። ዝም። ይቅርታ የለ፣ ምክንያት የለ፤ መስመሯ ተመልሳ ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረች። «ምን አለ?» ብላት፣ «ምንም ካላለ የለም ማለቱ ነው» አለችኝ። ይኼን ስትል ሳቅ አፈነኝ። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ልጄ ያመመኝ መስሏት ውኃ ልታመጣ ተነሣች። «ተቀመጪ፣ ደኅና ነኝ» አልኳት። «መሪጌታ ልሳነወርቅ ናቸው። ሞቱ ሲሉን እዚህ ውስጥ ገብተው ኖሯል።» ማን እንደሆኑ ጠየቀችኝ። አባቷ በረንዳው ላይ ጋቢውን ተከናንቦ እንደ ልማዱ ያንቀላፋ ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ጀመርኩላት።

ያኔ እኔ ንፋስ መውጫ ታይፒስት ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው፤ አውራጃው ውስጥ ካሉት አንዱ ነው ብል ይበቃል። ዓመቱንም ልተወው፤ ሁሉም ሰው ጓድ የነበረበት ዘመን ነው። ቻይናዎቹ መንገዱን ካበጁት ብዙም አልቆየም፣ የጭነት መኪና ሁሉ እዚያች ከተማ ላይ ቆሞ ጎማውን ይደበድባል። ሾፌሮቹ የሚቆሙበት ማዕዘን ላይ አንድ ሻይ ቤት ነበረ። አንድ ብር ይዞ የገባ ሰው ሦስት ጓደኛ ሻይና ፓስቲ ጋብዞ መልስ ተቀብሎ ይወጣል። ወንዶቹ ከታች እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ሱሪ ለብሰው፣ ጠጉራቸውን አጎፍረው፣ በዚያ ነፋስ ውስጥ ጎፈሬያቸውን በእጃቸው ደግፈው ይሄዳሉ። እኔ አንዲት ሰማያዊ ቴትሮን ጉርድ ነበረችኝ፤ ማታ አጥቤ ጠዋት እለብሳታለሁ፤ ለሰው ሁለት እንዳለኝ እንዲመስል አንድ ቀን በነጭ ሸሚዝ፣ አንድ ቀን በቢጫ እያደረግሁ። አደባባዩ ላይ ከምሰሶ የተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ነበረ። ጠዋት ሰልፍና ማርሽ ያሰማል፤ አመሻሹ ላይ ሰውየው ብቻውን ሲቀር ሳያስበው ይሁን አስቦ የፍቅር ዘፈን ይለቅብናል፤ እኛም በየመስኮቱ ቆመን እንሰማለን። ዛሬ በስልኬ የፈለግሁትን ዘፈን እሰማለሁ፤ ያን ያህል የሚጥመኝ ግን የለም።

መሪጌታ ልሳነወርቅ የመዝገብ ቤቱ ሹም ነበሩ። እዚያው ጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ ያስመሰከሩ ሊቅ ናቸው። እጅ ጽሕፈታቸው የተዋበ ስለነበረ ከጥንት ጀምሮ መሥሪያ ቤቱ ቀጥሯቸው ነበር፤ ዘመኑ ሲለወጥ እሳቸውን የሚተካ ስለጠፋ ቀሩ። አዲሱ ኃላፊ ሁሉም ሠራተኛ ጓድ ይባል ብሎ ባዘዘ ጊዜ «ጓድ መሪጌታ» ተባሉ። አልከፋቸውም። «ስም በበዛ ቁጥር ጠሪው ይደክማል እንጂ እኔ ምን ቸገረኝ» ይሉ ነበር። ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ከላይ የመንግሥት ካኪ ኮት ደርበው፣ ከጣውላ በተሠራ ግድግዳ ጀርባ ይቀመጣሉ። ግድግዳው ላይ መጽሐፍ የሚያህል መስኮት አለ። ባለጉዳይ ከዚያች መስኮት ሲቆም የሚታየው ጢማቸው ብቻ ነው።

አውራጃው የሚላክለት ደብዳቤ ሁሉ፣ የእኛም ይሁን የሌላው መሥሪያ ቤት፣ በዚያ ክፍል በኩል ያልፍ ነበር። ከላይ ጋይንትም፣ ከታች ጋይንትም፣ ከስማዳም። መሪጌታ ይኼን ክምር መጀመሪያ ያደራጁት በተማሩት መንገድ ነው። ድጓ ቤት መምህሩ የመጀመሪያዋን ቃል ጣል ሲያደርግ ተማሪው ከዚያ ይቀጥላል፤ መዝሙሩ ሁሉ በመነሻ ቃሉ ይታወቃል። እሳቸውም ደብዳቤውን ሁሉ በመነሻ ቃሉ ለዩት። ታዲያ የዘመኑ ደብዳቤ ሁሉ፣ ስለ ማዳበሪያም ይጻፍ ስለ ሙት ዓመት፣ ከራስጌው «ኢትዮጵያ ትቅደም» ይላል። በስድስት ወር ውስጥ መዝገብ ቤቱ አንድ ፋይል ብቻ ሆነ። «ኢ» የሚል። ቁመቱ ከእኔ ይበልጥ ነበር፤ እንዳይወድቅ በጠፍር አስረውት ከምሰሶው ጋር አጣብቀውታል። ሌሎቹ መደርደሪያዎች ባዶ ሆነው ሸረሪት አደራባቸው። አንድ ጊዜ የበሬ ክትባት ደብዳቤ ተፈልጎ ከዚያ ፋይል ሥር ሲወጣ በሬዎቹ ክትባቱን ሳያገኙ በሽታው አልፎ ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። መሪጌታ ግን አንድ ሱባኤ አስበው ሌላውን የድጓ ነገር አመጡ። ድጓ ላይ ከቃሉ በላይ ጥቃቅን ፊደል ይጻፋል፤ ዜማው የት እንደሚነሣ የት እንደሚወድቅ የሚናገር ምልክት ነው። መሪጌታ በቀይ ቀለም በየደብዳቤው ራስጌ እንዲያ ያሉ ምልክቶች ይጥሉ ጀመር። ዝውውር ከሆነ «ዝ»፣ አቤቱታ ከሆነ «አ»፣ ገና ያልታየ ከሆነ «ያ»። የቦታም ምልክት አለ፣ የወርም አለ። አንድ ደብዳቤ አራት አምስት ምልክት ይሸከማል። ለእያንዳንዱ ምልክት ደግሞ በትልቁ መዝገብ ላይ አንድ ገጽ ሰጡት፤ ገጹ ላይ የደብዳቤዎቹ ቁጥር ይሰፍራል። ከዚያ ወዲያ ደብዳቤው የትም ይቀመጥ፣ ምልክቱን ከነገርካቸው ሻይህ ሳይበርድ አውጥተው ይሰጡሃል። ኃላፊያችን ቀዩን ፊደል ሲያይ የጠላት ምሥጢር መስሎት ሁለት ጓዶች ይዞ ሦስት ቀን ሲፈታው ከረመ። «ዝ» ማለት «ዝግጅት» ነው ብለው ተስማምተው ሊጽፉ ሲሉ ከላይ ስልክ ተደወለ፤ የአምና የዘር ደብዳቤ በአስቸኳይ ይፈለጋል። ሦስቱ ጓዶች ተያዩ። መሪጌታ ከመቀመጫቸው ሳይነሡ እጃቸውን ዘርግተው አወጡት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኃላፊው ራሱ ዘር ሲፈልግ መስኮቷ ላይ ቆሞ «ዘ፣ ከጎንደር፣ የሰኔ» ማለት ለመደ።

ችግሩ አጠያየቁ ነበር። መሪጌታ ታሪክ አይሰሙም። ገበሬው መጥቶ «መሪጌታ፣ ያን ጊዜ ከወንድሜ ጋር ስንጣላ፣ እናታችን ሳትሞት በፊት» ብሎ ሲጀምር ጢማቸው እንኳ አይነቃነቅም። ከማን፣ ስለ ምን፣ መቼ። ይኼን ካልክ ያወጣሉ። ከሌለ «የለም» ይላሉ። ምልክቱን አሳስተህ ከጠራህም «የለም» ይላሉ፤ አሳስተሃል አይሉህም። ክፋት አልነበረም፤ «የተጠየቅሁትን እንጂ የታሰበውን አላወጣም፤ የሰው ሐሳብ ውስጥ መግባት የእኔ ሥራ አይደለም» ብለውኛል አንድ ቀን። እንዲህ ያለ ሰው አንገብጋቢ ጉዳይ ላለው እንዴት እንደሚያበግን የሚያውቅ ያውቀዋል።

እኔ ደግሞ አንገብጋቢ ጉዳይ ነበረኝ። ጉዳዬ አስማረ ይባላል። ወገዳ፣ ስማዳ ውስጥ፣ ክሊኒክ ያለ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥብ መርፌ የሚወጋ ሰው ነበር። በወር አንድ ጊዜ መድኃኒት ሊወስድ ወደ ንፋስ መውጫ ይመጣል። መንገዱ መንገድ ቢባል ነው፤ በበጋ አንድ አሮጌ የጭነት መኪና ይወርዳል፣ በክረምት በቅሎ ነው። ሲመጣ ራሱ እስከ ቅንድቡ አቧራ ሆኖ፣ ከኪሱ ማበጠሪያ አውጥቶ መስኮቴ ሥር ያበጥርና ከዚያ ገና አሁን የመጣ መስሎ በበሩ ይገባል። እኔ ሁሌም አየዋለሁ። የመድኃኒት መጠየቂያ ደብዳቤ ታይፕ አድርጊልኝ ይለኛል። አንድ መስመር የሚበቃውን ሁለት ገጽ አደርገዋለሁ። እንዲህ እየተባባልን ዓመት ከመንፈቅ ሄደና ሽማግሌ ላከ።

አባቴ የሚኖረው እስቴ ነው። ሽማግሌዎቹን አክብሮ ተቀበለ፣ አበላ፣ አጠጣ፣ ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። «የት ነው የሚኖሩት?» አለ። ሽማግሌዎቹ እሱ ወገዳ፣ እሷ ንፋስ መውጫ እንደሆኑ ተናገሩ። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «ባልና ሚስት እየተጻጻፈ አይኖርም። ባንድ ጣራ ሥር ይሁኑና እድራለሁ። ጾም ሳይገባ ካልሆነላቸው ግን ለልጄ የመጣ ሌላ ሰው አለ።» ሌላው ሰው የእህል ነጋዴ ነበር፤ ጥሩ በቅሎ ነበረችው። እውነቱን ለመናገር ስለ ሰውየው የማስታውሰው በቅሎዋን ብቻ ነው። ይኼ ሲሆን ኅዳር ነበር። ዐቢይ ጾም እስኪገባ ዝውውር ካላገኘሁ እስቴ ገብቼ የበቅሎ ባለቤት ልሆን ነው። ለአስማረ ምንም ሳልነግረው ወደ ወገዳ ልዛወር ብዬ ማመልከቻ ጻፍኩ፤ ብነግረው አይሆንም፣ አንቺ እዚያ ጭቃ ውስጥ አትገቢም እንደሚለኝ አውቃለሁ። ራሴ ታይፕ አድርጌ፣ ራሴ አሽጌ ወደ ላይ ላክሁት።

ታኅሣሥ አለፈ። ጥር ገባ። የጥምቀት ዘፈን ሲያልቅ የደብዳቤው ከረጢት ከላይ መምጣቱን ሾፌሩ ነገረኝ። በነጋታው መስኮቷ ላይ ነበርኩ።

«እንደምን አደሩ መሪጌታ። መቼም የእኔን ነገር ያውቃሉ፣ አባቴ ያለውን ሰምተዋል…»

ዝም።

«ዝ» አልኳቸው። «ከጎንደር። የጥር።»

መዝገቡ ሲገለጥ ሰማሁ። «የለም።»

በማግስቱ ሄድኩ። «ዝ፣ ከጎንደር፣ የታኅሣሥ።» የለም። «ዝ፣ በስሜ፣ በየሻረግ።» የለም። እንዲህ ሁለት ሳምንት። ጉርዴን በነጭና በቢጫ እየለዋወጥኩ ጠዋት ጠዋት የለም እየተባልኩ ወደ ታይፕ ሥራዬ እመለሳለሁ። በዚያ ሰሞን ታይፕ ያደረግሁት ደብዳቤ ሁሉ ስሕተት ነበረበት፤ አንዱ ላይ «የገበሬ ማኅበር» ማለት ሲገባኝ «የበቅሎ ማኅበር» ብዬ ጽፌ ኃላፊው ፈርሞበት ሄዷል። አባቴ በሰው በኩል ጾም እየመጣ ነው ብሎ ላከብኝ። የመጣው ሰው ነጋዴው ለሠርጉ ሁለት ሠንጋ እንዳሰረም ጨመረልኝ።

ቅበላው ሊገባ አራት ቀን ሲቀር፣ ተስፋዬም ቁጣዬም አልቆ፣ መስኮቷን ተደግፌ ቆምኩ። ምን ብዬ እንደምጠይቅ ጠፋኝ። ያቺን ከተማ ማሰብ ብቻ ነው የቀረኝ። «ወገዳ» አልኳቸው። «ወገዳ የሚል ሁሉ።»

ጢማቸው ተነቃነቀ። «ይኸው አሁን ጠየቅሽ» አሉ።

ሦስት ደብዳቤ አወጡ። የመጀመሪያው የእኔ ነበር። ከረጢቱ ከመጣበት ቀን ጀምሮ እዚያው አለ። ጎንደር ያለው ጸሐፊ ጉዳዩን «ምደባን ይመለከታል» ብሎ ስለጻፈው መሪጌታ «ም» ብለው ነው ምልክት ያደረጉበት፤ እኔ ደግሞ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ዝ» ስል ከረምኩ። ስሜም «የሻ» ብቻ ተብሎ ነው የተጻፈው። ደብዳቤው በደረሰሽ በዐሥር ቀን ወገዳ ገብተሽ ሪፖርት አድርጊ ይላል። እልል ልል አፌን ስከፍት መሪጌታ ጣታቸውን በመስኮቷ አውጥተው ሁለተኛውን ጠቆሙኝ።

ሁለተኛው የአስማረ ነው። እሱም ሳይነግረኝ ወደ ንፋስ መውጫ ዝውውር ጠይቆ ኖሯል። ተፈቅዶለታል። በአስቸኳይ ይምጣ ይላል።

ሦስተኛው ከስማዳ ገበሬዎች የመጣ አቤቱታ ነው። ከግርጌው በጣት አሻራ ተሞልቶ ወይን ጠጅ የፈሰሰበት ይመስላል። ያን ደብዳቤ በቃሌ አውቀዋለሁ። «ድሬሰራችን አስማረ ሊሄድብን ማመልከቱን ሰምተን ተሰብስበናል። ከሱ በፊት የነበረው ሰው መርፌ ሲወጋ ዓይኑን ይጨፍን ነበር። ይኼ ግን እያየ ይወጋል። ሴቶቻችን ሲወልዱ ዝናብ ሳይል ቆላ ይወርዳል። እሱ ከሄደ ክሊኒኩ ይዘጋል። እባካችሁ ንፋስ መውጫ ሌላ ሰው ፈልጉ፤ እናንተ ባለመንገድ ናችሁ።»

መሪጌታ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጠየቁ ተናገሩ። «ይኸውልሽ ልጄ። ሁለቱም ከወጡ አንች ወገዳ ትገቢያለሽ፣ እሱ እዚህ ይገባል። መንገድ ላይ ትተላለፋላችሁ። አባትሽም ባንድ ጣራ አላሉም?»

«አንዱ ይሰረዛ» አልኳቸው።

«ዝውውር ጠይቆ ተፈቅዶለት ሰርዙልኝ ያለ ሰው ወላዋይ ይባላል። በዚህ ዘመን ወላዋይ መባል እንደሁ ታውቂዋለሽ። የሚሰረዝ የለም። የማይወጣ ግን ሊኖር ይችላል።» ቀዩን ብዕር ከቀለሙ ነከሩ። «እኔ አልመርጥም። የምትጠሪውን ነው የማወጣው። ወደ ወገዳ የሚሄደው መኪና ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል።»

ንፋስ መውጫ መብራት ነበራት፣ መንገድ ነበራት፣ ሲኒማ ባይኖራትም የሚያወራ ምሰሶ ነበራት። ወገዳ ገበያና ጭቃ ነበር። እኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እውነቱን ለመናገር የሱን ደብዳቤ አውጡልኝ ልል ነበር። ግን ያ ዓይኑን ጨፍኖ የሚወጋው ሰው በዓይኔ መጣ። ተመልሶ ቢመደብላቸውስ? ከዚያ እያንዳንዱን ጣት አየሁ፤ አንዳንዱ አሻራ ትንሽ ነው፣ የሴት ነው። አለቀስኩ። ከዚያ «የእኔ ይውጣ» አልኳቸው።

መሪጌታ የእኔን ደብዳቤ አወጡልኝ። የአስማረን ደብዳቤ ላይ በቀይ «ቆ» ብለው ጻፉበት፤ ይቆይ ማለት ነው። ያን ምልክት ለማንም አልተጠቀሙበትም ነበር፤ በመዝገቡም ላይ ገጽ አልሰጡትም። ከላይ ስለ ድሬሰሩ ሲጠየቁ «እየተጣራ ነው» ብለው ይመልሱ እንደነበረ በኋላ ሰማሁ። ስለዚህ ነገር ሰባት ቀን ለብቻቸው እንደጾሙም ሰምቻለሁ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ከሌሎች ጾሞቻቸው ጋር ሲደመር ብዙም አላከበደባቸውም።

ጾም ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው ተዳርን። የነጋዴው ሠንጋዎች ለሌላ ሠርግ ሆኑ። ወገዳ ዐሥራ አምስት ዓመት ኖርን፤ ሰብለ እዚያ ተወለደች፤ ጭቃውንም ለመድኩት፤ እዚያም ታይፕ አደረግሁ፤ እሱም መርፌውን እያየ ወጋ። የእኔ ችግር አንድ ብቻ ነበር። አስማረ ያን የንፋስ መውጫ መሥሪያ ቤት ሳይረግም የሚያልፍ ሳምንት የለም። ጣራው ባፈሰሰ ቁጥር «ያን ጊዜ ማመልከቻዬን ባይበሉት ኖሮ» ይላል። መኪናው ገደል አፋፍ ላይ በቆመ ቁጥር «እነዚያ ወረቀት በሎች» ይላል። እኔ ጭንቅላቴን ነቅንቄ «እውነትህን ነው» እላለሁ። አርባ ዓመት እውነትህን ነው አልኩት። ስንት ጊዜ ልነግረው አፌን ከፍቼ፣ የሕይወቱን መንገድ ያለ ፈቃዱ የዘጋሁበት እኔ መሆኔን ሲያውቅ ፊቱ ምን እንደሚሆን አስቤ ዘግቼዋለሁ። ያሳፍረኛል። እስካሁን ያሳፍረኛል።

ይኼን ሁሉ ለሰብለ ስነግራት ጥቁሩን ገጽ ረስታው ነበር። «እና አባዬ እስካሁን አያውቅም?» አለች።

«አያውቅም። እኔም አልነግረውም።»

ከበረንዳው ድምፅ መጣ። ዓይኑን አልገለጠም። «ግልባጩስ?» አለ።

ሁለታችንም ዞርን። «የምን ግልባጭ?» አልኩት።

«የደብዳቤው ግልባጭ ነዋ። 'ግልባጭ፦ ለጓድ አስማረ፣ ወገዳ' ይላል። ከመድኃኒቱ ሣጥን ጋር ቀጥታ መጣልኝ። በጥር።» ጋቢውን ወደ ትከሻው ሳበ። «ዋናው ቢቀበር ግልባጩ መች ይቀበራል?»

ታይፒስት ነበርኩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእያንዳንዱ ደብዳቤ ግርጌ ግልባጭ ለእገሌ፣ ግልባጭ ለእገሊት እያልኩ በነዚህ ጣቶቼ ጽፌያለሁ። የሱ ደብዳቤ ግልባጭ ይኖረዋል ብዬ አንድ ቀን አላሰብኩም። ልጄ አፏን በእጇ ይዛ ትንቀጠቀጣለች፤ ሳቅ ነው።

«አውቀህ ነበር?» አልኩት።

«ግልባጩ ኪሴ ውስጥ ነበረ። ልነሣ ጓዜን ስሸክፍ መኪናው ደረሰና ሾፌሩ አንቺ ተዛውረሽ መምጣትሽን ነገረኝ። ልመልስሽ መኪናው ማቆሚያ ሄድኩ። ከዚያ ከጭነቱ ላይ ወረድሽ፤ ያቺ ሰማያዊ ጉርድሽ ቡናማ ሆናለች፤ 'ይኸው መጣሁልህ' አልሽኝ። ዋናው በማን እንደቀረ ያኔ ገባኝ፤ ምን ልበል? በዚያው ማታ ምድጃ ውስጥ ጨመርኩት።»

«ታዲያ አርባ ዓመት ሙሉ መሥሪያ ቤቱን ለምን ትረግማለህ?»

አሁን ዓይኑን ገለጠ። «አንቺ እንዳትነግሪኝ ብዬ ነዋ። ከነገርሽኝ እኔም መናገሬ ነው። ከዚያ አንቺ ለእኔ፣ እኔ ለአንቺ ብለን የቀረን ሰዎች እንሆናለን። በተጣላን ቁጥር ስንነቃቀፍበት ልንኖር ነው። እንዲህ ቢቀር ይሻላል ብዬ ነው።»

ተነሥቼ ሄድኩና አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ እጁን ያዝኩት። ሰብለ ቀጠሮውን አገኘችው፤ ለሐሙስ ጠዋት ነበር። እኔ ግን ስለ ቀጠሮው ደንታም አልነበረኝም። አርባ ዓመት የተሸከምኩት ነገር ከላዬ ወርዶ ነበር፤ የተሸከምነው ሁለታችንም መሆናችንን ሳውቅ ደግሞ ያኔ ወገዳ የወረድኩበትን ቀን ያህል ወደድኩት።

በማግስቱ ጠዋት ሻይ አፈላሁለት። ሐኪሙ የከለከለውን ስኳር አሳንሼ ጨመርኩ። አንድ ጊዜ ጎንጨት አለና ብርጭቆውን አስቀመጠው። «እኔ» አለ፣ «ለአንቺ ብዬ ንፋስ መውጫን የሚያህል ከተማ የተውኩ ሰው፣ ሁለት ማንኪያ ስኳር በዛብኝ?»